ባዶ ነው ያልኩት ዲስክ

ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ። የሰማኝ ሁሉ ይገረማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዳንዱም ጎበዝ ይለኛል። ጎበዝ የሚለኝ አንዷን ቦታ ሁልጊዜ እየዘለልኩ ስለማወራለት ነው። ዛሬ ሳልዘል ልጻፈው ብዬ ተቀምጫለሁ፤ ቦታዋ ላይ ስትደርሱ ለምን እንደምዘላት ይገባችኋል።

በ1990 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አሰብ ነበርኩ። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ዕቃ በአሰብ ይገባ ስለነበር ከተማዋ በእኛ አገር ትራንዚተር፣ ሹፌርና ባለ ሱቅ የተሞላች ነበረች። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ አንድ ዓመት ኮምፒውተር ተምሬ በአንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ “የኮምፒውተር ባለሙያ” ተብዬ ተቀጠርኩ። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነው። በከተማዋ ኮምፒውተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር ኩራቴ ልክ አልነበረውም። ሐኪም ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንደሚያንጠለጥል እኔም የሸሚዜ ኪስ ላይ ትንሽ ካቻቪቴ ሰክቼ ነበር የምሄደው። ሰው “ታምራት፣ ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው?” ብሎ ሲጠይቀኝ አላውቅም ብዬ መልሼ አላውቅም።

የምኖረው ካምፖ ሱዳን በሚባለው ሰፈር፣ ከጋሽ ሰይድ ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥቶ አሰብ ላይ ሱቅ ከከፈተ ቆይቷል። ሚስቱ እትዬ ሰዓዳ ከእኔ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ግን እንደ እናት ትቆጣኛለች። ዘመድ በሌለበት አገር ምሳዬን በልቼ እንደሆነ የምትጠይቀኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። በዚያን ሰሞን ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር።

አሁን ወደ ዲስኩ ልምጣ። የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ተኽለ ስዊድን ብዙ ዓመት ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። አዲስ አበባ ስለተማረ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ከስዊድን ሲመጣ ማኪንቶሽ የሚባለውን ዓይነት ኮምፒውተር ይዞ መጥቶ ነበር፤ ከእኛዎቹ ጋር የማይነጋገር፣ ሥራውም ጠባዩም ሌላ የሆነ ማሽን ነው። የአሰብ ሙቀትና ጨው ሦስት ዓመት ታግሎ ገደለው። አንድ ቀን ዶክተሩ ማሽኑን እንደ ታመመ ልጅ ታቅፎ ቢሮዬ ድረስ አመጣው። “ሌላው ይቅር፤ ውስጡ ያለው ጽሑፌ እንዲወጣልኝ ነው የምፈልገው” አለኝ።

በካቻቪቴዬ ፈታሁት፣ ሃርድ ዲስኩን አወጣሁት፣ ከእኔ ማሽን ጋር አያያዝኩት። ለማታውቁት ላስረዳ። ሃርድ ዲስክ ሲጀመር ግድግዳ እንደሌለው አዳራሽ ነው። ኮምፒውተሩ በክፍል በክፍል ይከፋፍለውና የትኛው ክፍል ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ መግቢያው ላይ ይጽፋል። የእኔ ማሽን የሚሠራበት ዶስ የተባለው ሲስተም ያንን ጽሑፍ መግቢያው ላይ ፈለገ፤ አላገኘም። “ምንም የተከፈለ ክፍል የለም” ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈልኝ። እኔም ፊቴን ኮስተር አድርጌ ዶክተሩን አየሁት።

“ባዶ ነው፤ ሁሉም ጠፍቷል” አልኩት።

ሰውየው አመስግኖኝ ሄደ። ዲስኩ መሳቢያዬ ውስጥ ቀረ። ሦስት ሳምንት ያህል እዚያው ተቀመጠ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የቢሮው ዲስክ ሞልቶ አስቸገረኝ። ያ ባዶ ዲስክ ትዝ አለኝና አውጥቼ ገጠምኩት፤ ለእኛ ሥራ እንዲሆን አድርጌ ላዘጋጀው ነው። ከፋፋዩን ፕሮግራም ከፈትኩ። ማሽኑ እንደ ደንቡ ጠየቀኝ፤ ሙሉውን ዲስክ ልጠቀምበት? አዎ ወይስ አይ? ጣቴን “አዎ” የምትለዋ ቁልፍ ላይ አሳረፍኩ። ልጫን ስል በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

ጋሽ ሰይድ ነው። ሽርጡን እንዳገለደመ፣ ግራ እግሩ ላይ ጫማ የለም። ሁልጊዜ ሰላምታው ረጅም የነበረው ሰው ያን ቀን ሰላም እንኳን አላለኝም።

“ታምራት፣ መኪናውን። ሰዓዳ ደሙ አልቆም አላት።”

ቁልፉን ሳልጫን ተነሳሁ። ይህችን ቅጽበት ዛሬም ድረስ በሕልሜ አያታለሁ። ጋሽ ሰይድ ሁለት ጫማ አድርጎ ቢመጣ ኖሮ እዘገይለት ነበርና እጫናት ነበር።

የቢሮውን ፒካፕ ይዤ ቤት ስንደርስ ልጁ ጎህ ሳይቀድ ተወልዶ ጎረቤት ታቅፋዋለች። እትዬ ሰዓዳ ፍራሹ ላይ ናት። መልኳን ሳየው ደነገጥኩ፤ ከንፈሯ ከፊቷ አይለይም። በፍራሹ ተሸክመን ከኋላ ጫንናት። መንገድ ላይ በመስተዋቱ ሳያት በዓይኗ እኔን ትፈልግ ነበር። ምን ልትል እንደሆነ አላውቅም። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም።

ሆስፒታል ዶክተር ተኽለ ተቀበለን። ከአንድ ሰዓት በላይ ክፍሉ ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ ፊቱ በላብ ርሶ ነበር። ጋሽ ሰይድንና እኔን ወደ ጥግ ወሰደን። መድማቱን አቁሜዋለሁ፣ ግን ብዙ ፈሷታል፣ ሌላ ደም ካልተተካላት እስከ ምሽት አትቆይም አለን። ሁለት ከረጢት ያስፈልጋል። ችግሩ ደሟ ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ ለመጀመሪያ ልጇ ጊዜ ተመርምራ መዝገቧ ላይ ተጽፏል። ከራሱ ዓይነት በቀር ሌላ ደም የማይቀበል፣ ከብዙ ሰው መካከል አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኝ ነው። የተጠራቀመ ደም ደግሞ ሆስፒታሉ የለውም፤ በዚያን ጊዜ ሰው ሲያስፈልግ ይጠራል እንጂ ደም አይቀመጥም።

ጋሽ ሰይድ ክንዱን ገልጦ ዘረጋ። ተመረመረ፤ አይሆንም ተባለ። ክንዱን ሳይመልስ እንደ ዘረጋ ቆሞ ቀረ፤ እኔ ነኝ እጁን ይዤ ወደ ታች ያወረድኩት።

ወሬው ወደብ ደርሶ የእኛ ድርጅት ሠራተኞች መምጣት ጀመሩ። ጫኝና አውራጁ፣ ጸሐፊው፣ ሹፌሩ፣ ሁሉም የጋሽ ሰይድን ሱቅ ያውቃሉ። አሥራ ሁለት ሰው ሆኑ። ዶክተሩ የደም ዓይነት የሚለይበት ፈሳሽ ለስድስት ሰው የሚሆን ብቻ እንደ ቀረው ነገራቸው። አዲሱ ሐሙስ በአውሮፕላን ከአስመራ ይመጣል። ስለዚህ ስድስቱን መምረጥ አለበት። “የደም ዓይነቱን የሚያውቅ አለ?” ብሎ ጠየቀ።

ሁሉም መታወቂያውን አወጣ። የድርጅታችን መታወቂያ ላይ የደም ዓይነት የሚጻፍበት ቦታ አለ። ዶክተሩ ተራ በተራ እየተቀበለ አነበበ። ኦ ፖዘቲቭ። ኦ ፖዘቲቭ። ኦ ፖዘቲቭ። አሥራ ሁለቱም ኦ ፖዘቲቭ። አሥራ ሦስተኛው የእኔ ነበር፤ እሱም ኦ ፖዘቲቭ ይላል። ዶክተሩ ካርዶቹን እንደ ካርታ በእጁ ዘርግቶ ያዛቸው።

“አሥራ ሦስት ሰው ተሰብስቦ ሁሉም አንድ ዓይነት ደም ሊኖረው አይችልም” አለ። “ይህን ማነው የጻፈው?”

የምዘላት ቦታ ይህች ናት።

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ሠራተኛው ሁሉ ሆስፒታል ሄዶ ጤና ተመረመረ። ሥራ አስኪያጁ ውጤቱ ሳይደርስ ካርዶቹ ለሰኞ ይድረሱ አለኝ። እኔም ዝርዝሩን ኮምፒውተር ላይ አዘጋጅቼ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የራሱን የሥራ አስኪያጁን ደም ጻፍኩ፤ የእሱ ይታወቃል፣ ኦ ፖዘቲቭ ነው። ከዚያ አንድ ትእዛዝ ሰጠሁና ያንኑ እስከ ታች ድረስ በሁለት መቶ አሥሩም ስም ላይ አባዛሁት። ውጤቱ ሲመጣ አርመዋለሁ ብዬ ነበር። ውጤቱ አልመጣም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሁለት ዓመት ኪሴ ውስጥ ይዤው ስዞር የራሴንም ካርድ አመንኩት።

ዶክተሩ ማነው ብሎ ሲጠይቅ ጫማዬን አየሁ። አፌን ብከፍት ምን ይጎዳኝ ነበር? አላውቅም። ጋሽ ሰይድ አጠገቤ ቆሟል። ሚስቱ ከበሩ ወዲያ ማዶ ተኝታለች። እኔ ግን ያሳሰበኝ “የኮምፒውተር ባለሙያ” የሚለው ስሜ ነው። ዝም አልኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ዶክተሩ ካርዶቹን መለሰና በዓይኑ ስድስት ሰው መረጠ። እኔን አልመረጠኝም። ወደ እኔ መጥቶ ቀስ ብሎ “ያ ዲስክ የት ነው?” አለኝ። የላብራቶሪው የድሮ መዝገብ የአየር ማቀዝቀዣው ውሃ እየተንጠባጠበበት ሲበላሽ፣ የሚነበበውን ሁሉ ወደ ማኪንቶሹ የገለበጠው እሱ ነበር። የእኛ ድርጅት ሠራተኞች ውጤትም እዚያው ውስጥ ነው። ያን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ምን እንደ ጻፈበት አልጠየቅኩትም ነበር።

“ዶክተር፣ ባዶ ነው ብዬዎታለሁ” አልኩ።

“ብለኸኛል። ማን ባዶ አደረገው?”

ካርዴን ኪሴ ከተትኩ፤ እሱ ቀጠለ።

“ማታ ጽፌበት ዘጋሁት፣ ጠዋት ማሽኑ አልነሳ አለ። በሩ ስለ ተቆለፈ ዕቃው ከቤት ይወጣል? ሂድና እንደገና እየው።”

ወጣሁ። እውነቱን ልናገርና መሄዴ ገላገለኝ፤ ከዚያ ካርድ ፊት መራቄ ነው። ቢሮ ስደርስ መብራት ጠፍቷል። ማሽኑ ያችን ጥያቄ እንደ ጠየቀኝ ጨልሞ ቀርቷል። መብራቱ ቢመጣስ ምን አዲስ ነገር ልሞክር? የማውቀው ያን ብቻ ነበር። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አላውቅም አልኩ። የሰማኝ የለም።

ያን ጊዜ ማሬክ ትዝ አለኝ። ማሬክ ስንዴ ጭና የመጣች አንዲት መርከብ የራዲዮ ሠራተኛ ነው፣ ፖላንዳዊ። ከሁለት ቀን በፊት የጭነት ሰነድ ሊያሳትም ቢሮዬ መጥቶ በአንድ ፍሎፒ ላይ የያዘውን ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ሊያሳየኝ ፈልጎ ነበር። በነጻ የሚታደል መሆኑን ሲነግረኝ፣ በነጻ የሚታደል ነገር ምን ሊረባ ብዬ አላገጥኩበት። ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ ፍሎፒውን ኪሱ ከተተ። መርከቧ ማክሰኞ በአሥር ሰዓት እንደምትነሳ የነገረኝም ያኔ ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ሰባት ሊሆን ነው።

ዲስኩን ነቅዬ በፎጣ ጠቀለልኩት። አሰብን የምታውቁ በዚያ ሰዓት ከተማዋ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ በጥላ ይተኛል፤ መንገዱ ላይ ፍየል እንኳን አይታይም። የወደቡ በር ጠባቂ ካርቶን ላይ ተጋድሟል። ስቀሰቅሰው ተቆጣና “ካርድ!” አለኝ። ያንኑ ካርድ አወጣሁለት። ግራና ቀኝ አገላብጦ አየና አሳለፈኝ።

ማሬክ የመርከቧ ደረጃ ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሴትዮዋን፣ ደሙን፣ ዲስኩን። ሲጋራውን ጣለው። ስለ ማላገጤ አንድ ቃል አላነሳም፤ ይቺ እስካሁን ትቆጠቁጠኛለች። ወደ ክፍሉ እየገባን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

“ማሽንህ ባዶ ነው አለህ፣ ወይስ እኔ የማውቀው ነገር የለበትም አለህ?”

ያው አንድ አይደለም ወይ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ዲስኩን ከራሱ ማሽን ጋር ሲያገናኝ እጆቹን አያለሁ። እየሠራ አስረዳኝ። ይህን ሲስተም ሰው ለራሱ ሲያዘጋጅ ብዙ ጥያቄ ይጠየቃል አለ። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ የሌላ ዓይነት ማሽን በራሱ መንገድ የከፋፈለውን ዲስክ ማንበብ ትፈልጋለህ ወይ የሚል ነው። ብዙ ሰው አያስፈልገኝም ብሎ ያልፈዋል። “እኔ መርከብ ላይ ነኝ፤ በየወደቡ ምን እንደሚያጋጥመኝ አላውቅም፤ ለሁሉም አዎ አልኩ” አለኝ።

ፍሎፒውን ከቶ ማሽኑን አስነሳው። በጥቁሩ የኮምፒውተር መስኮት ላይ ነጭ ጽሑፍ መውረድ ጀመረ። በፍጥነት ስለሚወርድ አንዱንም አልያዝኩም። ከዚያ ያመጣሁት ዲስክ ተራ ደረሰና ጽሑፉ ለአፍታ ቆመ። ከስሙ ጎን አንድ ክፍል ጻፈ። ቀጥሎ ሁለት። ሦስት። አራት።

አራት ክፍሎች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶ ነው ያልኩት ዲስክ አራት ክፍል ነበረው። የማሬክን አልጋ ጠርዝ ይዤ ተቀመጥኩ። ጠዋት ጣቴ የት ላይ እንደነበረ ማሰብ አልፈለግሁም፤ ግን ከዚያ ሌላ ማሰብም አልቻልኩም። ማሽኔ አልዋሸኝም። በእኔ መንገድ የተከፈለ ክፍል የለም ነው ያለኝ። “ባዶ” የሚለውን ቃል የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ማሬክ ትልቁን ክፍል ከፈተ። የፋይል ስሞች ተደረደሩ። ዶክተሩ በእንግሊዝኛ “ደም” ብሎ የሰየመውን አገኘነው። ሲከፈት ግማሹ ትርጉም የሌለው ምልክት ነው፤ በመሐሉ ግን የሰው ስም፣ የሥራ ቦታ፣ የደም ዓይነት ይነበባል። ማሬክ ኔጌቲቭ የሚል ያለበትን መስመር ብቻ ለይተህ አውጣ ብሎ ማሽኑን አዘዘው። የኦ ኔጌቲቭ ሰዎች ሰባት ሆኑ።

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ከላይ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን አውቀዋለሁ፤ አገሩ ጥዖ ተመልሶ ዓሣ ያጠምዳል፣ ቀን ሙሉ መንገድ ነው። ሁለተኛው ሹፌር ነው፤ ትናንት ወደ አዲስ አበባ ጭኖ ወጥቷል። ሦስተኛዋ ሥራ ለቃ ሄዳለች። አራተኛው ሑመድ ነው፤ የክሬን ሠራተኛ፣ ቤቱ እዚሁ ከወደቡ ጀርባ። ከስሙ ሥር አሰመርኩ። አንድ ተገኘ፣ አንድ ይቀራል።

አምስተኛውን ስም አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት። ማሬክ ምን ሆንክ አለኝ። ጣቴን መስኮቱ ላይ አድርጌ አሳየሁት፣ ቀጥሎ ደረቴን።

ታምራት፤ የአባቴ ስም፤ የድርጅቱ ስም፤ የኮምፒውተር ክፍል፤ ኦ ኔጌቲቭ።

ጠዋት ሆስፒታል ሳለሁ፣ ከእትዬ ሰዓዳ አንድ ግድግዳ ብቻ ለይቶኝ፣ የምትፈልገው ደም በደም ሥሬ እየሄደ፣ በእጄ በጻፍኩት ውሸት ተሸፍኖ ዝም ብዬ ቆሜ ነበር። ማነው የጻፈው ሲባል እኔ ነኝ ብል ኖሮ ዶክተሩ በዚያው ይመረምረኝ ነበር። ሦስት ሰዓት ሊሆነው ነው። በሦስት ሰዓት ውስጥ ሞታ ከሆነስ? እንዲህ ያለ ድንጋጤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ደርሶብኝ አያውቅም። ማልቀስ እንኳን አልመጣልኝም። ማሬክ ትከሻዬን ይዞ ወደ በሩ ገፋኝ። ፍሎፒውን አውጥቶ ኪሴ ከተተልኝ፣ ዲስኩን በፎጣው ጠቅልሎ አስያዘኝ። አመስግኜው እንደሆነ አላስታውስም።

ሑመድን በረንዳው ላይ ተኝቶ አገኘሁት። የእሱም ካርድ ኦ ፖዘቲቭ ይላል፤ ስለዚህ ለምን እንደፈለግሁት አልገባውም። ምክንያቱን ለማስረዳት ካርዱ ውሸት መሆኑን መናገር ነበረብኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያመንኩት ለእሱ ነው። ሑመድ የአፋር ሰው ነው፣ ብዙ አይናገርም። ትኩር ብሎ አየኝና ሽርጡን አጥብቆ መኪናው ውስጥ ገባ።

ሆስፒታል ስንደርስ የተመረመሩት ስድስቱ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም አልሆኑም። ጋሽ ሰይድ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ወረቀቱን ለዶክተሩ ሰጠሁት። አነበበ፤ ዓይኑን አነሳ።

“ይሄ አንተ ነህ?”

“እኔ ነኝ። ዶክተር፣ ካርዶቹንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንዱን ጽፌ ለሁሉም አባዛሁት።”

ሁሉም ሰማ። ጋሽ ሰይድም ሰማ። ዶክተሩ ወረቀቱን ኪሱ ከተተ።

“እሱ በኋላ። እጅህን ዘርጋ።”

ተጋድሜ ደሜ በቀጭኑ ቱቦ ሲወርድ እያየሁ፣ ከወደቡ በኩል መርከብ ስትነሳ የምታሰማው ጥሩንባ ሁለት ጊዜ ተሰማ። ማሬክን ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። የአባቱን ስም እንኳን አላውቅም። ከረጢቱ ሲሞላ ነርሷ እንደ ትኩስ ዳቦ በፎጣ ታቅፋ ሮጠች። የሑመድ ተከተለ። ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁት፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ውሃ በኮባያ ይዞልኝ ነው የመጣው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዶክተሩ ወጥቶ ዓይኗን ገለጠች አለን። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት በዚሁ ሙያ ኖሬያለሁ። ብዙ ሰው ተበላሸ ያለውን ዲስክ ይዞልኝ መጥቷል። የማልችለው ሲሆን “የእኔ መሣሪያ አያነበውም” እላለሁ እንጂ “ባዶ ነው” የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። ለዲስክ ብቻም አይደለም። ቋንቋውን የማልሰማውን ሰው፣ አካሄዱ የማይገባኝን ሰው፣ ቶሎ ብዬ በራሴ መዝገብ ስፈልገውና ሳጣው፣ ያች ጣቴ ትዝ ትለኛለች። እናንተም መታወቂያችሁን አውጥታችሁ እዩት እስቲ። የደም ዓይነታችሁን የጻፈው ማነው? ምናልባት እንደ እኔ ያለ፣ ሰኞ የደረሰበት ሰው ይሆናል።

ሁለት መቶ አሥሩን ካርድ አንድ በአንድ ለማረም ሁለት ወር ፈጀብኝ። ውጤቱ ያልተገኘው ሰው ቦታ ላይ “አልተመረመረም” ብዬ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ ካርዱ አስቀያሚ ሆነ ብሎ ተቆጣ። ይህን ያደረግኩት ሕሊናዬ ወቅሶኝ ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ግን አልዘልም ብያለሁ።

እትዬ ሰዓዳ ቤቷ በተመለሰች በሳምንቱ ነው። ልጇን አቅፋ በትራስ ተደግፋለች፤ ጎረቤቷ ሩዝና ዓሣ አቅርባልኝ እየበላሁ ነው። ሰው ሁሉ ደም የሰጣት እያለ ሲያመሰግነኝ ሰንብቷል፤ እሷ ግን የካርዱን ነገር እንዳልሰማች ታውቆኛል። ጋሽ ሰይድ አልነገራትም። አንገቴን ደፍቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ካርዱን፣ ዝምታዬን፣ ሦስቱን ሰዓት። ይቅር እንድትለኝ ነበር የምጠብቀው። ብትረግመኝም አልገረምም ነበር።

የልጁን ጀርባ መታ መታ አደረገች።

“እንዲህ ያለ ካርድ ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዞር ስንት ሰው ነው?” አለችኝ።

“ሁለት መቶ አሥር።”

“ታዲያ እዚህ ቁጭ ብለህ ትበላለህ?”

ሳህኑን አስቀምጬ ተነሳሁ።